የልጆችን ውርወራ የሚያርም ዓይን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን ዓምድ የወጣ አንድ ደብዳቤ የትምህርት ቤቶችን የስፖርት ውድድር ሲያነሣ፣ ሴት ልጆች በሩጫውም በዝላዩም ከወንዶቹ ባያንሱም መወርወርን ግን ተፈጥሮ አልሰጠቻቸውም የሚል አስተያየት በመሐል ጣል አድርጎ አልፏል። ጸሐፊው ነገሩን በክፋት እንዳልጻፉት ከአነጋገራቸው ይታወቃል። እኔም ድሬዳዋ ውስጥ ለ28 ዓመታት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ይህንኑ እምነት ይዤ ስለ ነበር እርሳቸውን ለመውቀስ አፍ የለኝም። ይሁን እንጂ ባለፈው ክረምት አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ስትወረውር ሁለት ወር ሙሉ ከተከታተልሁ በኋላ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጉድለቱ ከልጆቹ ክንድ ይልቅ በእኔ ዓይን ላይ እንደ ነበር ስለ ተረዳሁ፣ የደረስሁበትን በዝርዝር እንዳስረዳ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ልጅቱ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ሲሆን፣ በሐምሌ ወር አያቷን ለማየት ከእናቷ ጋር መጥታ ሳቢያን ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን አረፈች። ከሻንጣዋ ውስጥ አንድ የቆዳ ጓንትና ሁለት ደማቅ ቢጫ ኳሶች ወጡ። ከመጣች በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ አደራ፣ መወርወሩ እንዳይጠፋባት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ያሠሩልኝ፤ ደግሞ ክርኔን ያመኛል ትላለችና ምን እንደሆነ ይዩልኝ» አለኝ። እኔም የእጅ ኳስና የጦር ውርወራ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ከእኔ የተሻለ ማን ይገኛል ብዬ በደስታ ተቀበልሁ።

የምትጫወተው ሶፍትቦል ነው። በአገራችን ብዙም ስለማይታወቅ ጥቂት ልበል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 ቺካጎ ከተማ በአዳራሽ ውስጥ የተጀመረ፣ ኳስን በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት የአሜሪካኖች ጨዋታ የቤዝቦል ታናሽ ነው። ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ እስከ 2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ድረስ በሴቶች ውድድርነት ቆይቶ ከወጣ በኋላ በቶኪዮ ተመልሷል፤ በቤጂንግም በቶኪዮም ወርቁን የወሰደችው ጃፓን ናት። የስሙ ትርጉም ለስላሳ ኳስ ማለት ቢሆንም ኳሱ ሲይዙት ለስላሳ አይደለም፤ ክብደቱ ከ200 ግራም ጥቂት ቢያንስ ነው፣ ዙሪያው ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። የቤዝቦል ኳስ ዙሪያ 23 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ በትንሽ እጅ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገዝፍ መገመት አያዳግትም። ለመቺዋ ኳስ የምታቀብለው ተጫዋች እጇን ከታች አዙራ የምትለቅ ሲሆን፣ የቀሩት ተጫዋቾች ግን 18 ሜትር ከ29 ሴንቲ ሜትር በሚራራቁት ቤዞች (ሯጮች በሚረግጧቸው ማረፊያዎች) መካከልና ከዚያም ወደሚርቅ ቦታ እጃቸውን ከትከሻ በላይ አንሥተው ይወረውራሉ። ከመቺዋ ኋላ የምትቀመጠው ተቀባይ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ስትወረውር ርቀቱ 26 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚህ ደብዳቤ የማነሣው ይህን ከትከሻ በላይ የሚወረወረውን ነው፤ እርሱም ለእጅ ኳስና ለጦር ውርወራ የቅርብ ዘመድ ነው።

የምንሠራው ሰፈራችን ውስጥ ባለ ክፍት ቦታ ላይ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል ከ11 ሰዓት በኋላ ነበር። (የሰፈሩ ልጆች ሰፊውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ይመርጡ ነበር። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን የጎርፍ አደጋ የሚያስታውስ የድሬዳዋ ሰው፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከደጋው ድንገት የሚወርደውን ጎርፍ እያወቀ በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ልጅ አያሰማራም።) በመጀመሪያዎቹ ቀናት እኔ ጓንቱን አጥልቄ ተቀባይ ሆኜ ቆምሁ፣ እርሷ ወረወረች። ኳሱ ከራሴ በላይ፣ ከእርሷ በስተቀኝ በኩል እየሸሸ አለፈ። ክርኗ ከትከሻዋ በታች ወርዶ አየሁትና ወዲያው፣ «ክርንሽን ከፍ አድርጊ» አልኋት። ከፍ አደረገችው፤ ነገር ግን ክርኑ ከፍ ያለው ወገቧንና አንገቷን ወደ ግራ ስላጋደለች ነው። ኳሱ ባሰበት። «ጠንከር አድርጊ» አልኋት፤ ጠንከር አደረገች፣ በማግሥቱ የክርኗ የውስጥ ጎን አመማት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ ችግሩን ያባባስሁት እኔ ሆኜ ሳለ ማታ ለወንድሜ ልጅህ አትሰማኝም ብዬ ነገርሁት።

ስሕተቴ ከሁለት ነገር የመጣ ይመስለኛል። አንደኛው ቆሜ የማይበት ቦታ ነው። ኳስ የሚቀበል ሰው ከኳሱ በቀር ምንም አያይም፤ ራሱን ለመከላከል ዓይኑን ከእጇ ላይ መንቀል አይችልምና። ሁለተኛው ግን ከዚህ የሚከብድ ነው። የሰው ዓይን በተፈጥሮው የሚከተለው በጣም የሚፈጥነውንና መጨረሻ ላይ የሚታየውን ነገር ነው፤ በውርወራ ደግሞ ይህ እጅ ነው። የእጅ ነገር ግን ውጤት እንጂ መነሻ አይደለም። ኃይሉ ከመሬት ተነሥቶ በእግር፣ በዳሌ፣ በወገብ፣ በትከሻ፣ በክርንና በእጅ አንጓ አልፎ ጣት ላይ ሲደርስ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከበታቹ ያለውን ተቀብሎ ለበላዩ የሚያስተላልፍ ነውና፣ ታች የተበላሸው ሁሉ ላይ ወጥቶ በክንድ ላይ ይገለጣል። እኔ ለ28 ዓመታት ስገሥጽ የኖርሁት ይህንን መልእክት አድራሽ ነበር።

ይህን ለልጆቹ ማስረዳት የቻልሁት በነሐሴ ወር፣ ቡሄ ሲቃረብ የሰፈሩ ወንዶች ጅራፋቸውን ሲያስጮኹ አይቼ ነው። ጅራፍ የሚያስጮኽ ልጅ መጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው እጀታውን ነው፤ ከዚያ እጀታውን ድንገት ያቆመዋል፣ ፍጥነቱም በገመዱ ላይ እየሮጠ ሄዶ ጫፉ ላይ ይጮኻል። እጀታውንና ጫፉን በአንድ ጊዜ ቢወረውረው ግን ገመዱ ከመውደቅ በቀር ድምፅ አይሰጥም። ውርወራም ልክ እንደዚሁ ነው። ዳሌ ቀድሞ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ክንድ መጨረሻ ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉ ከተፋለሰ ኃይለኛ ክንድም አያድነውም። ያችው የወንድሜ ልጅ ይህን ስነግራት ጅራፉን ከአንዱ ልጅ ተቀብላ ሞከረች፤ እግሯን ገረፈች እንጂ አልጮኸላትም፣ ነገሩ ግን ገባት።

ወደ ትክክለኛው መነሻ የመራኝ የጎረቤታችን ልጅ የባጃጅ ሾፌሩ ስልክ ነው። አንድ ቀን መንገድ ዳር አቁሞ ሲያየን፣ «አቦ ጋሼ፣ ለምን አልቀርጻትም? የኔ ስልክ ቀስ አድርጎ ያሳያል» አለ። የሠለጠኑ የቤዝቦል ወርዋሪዎች ሲለኩ፣ የፊት እግራቸው መሬት ከነካበት ቅጽበት ኳሱ ከጣታቸው እስከሚለቅበት ያለው ጊዜ የአንድ ሴኮንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው። ልጆች ከዚህ ዘግየት ቢሉም ለዓይን ያው ነው። በሴኮንድ 30 ምስል የሚያነሣ ተራ ቪዲዮ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚይዘው አራት ምስል ገደማ ሲሆን፣ 240 ምስል የሚያነሣው ግን ከ30 በላይ ይይዛል። እኔ በዓይኔ ብቻ አየሁት የምለው ነገር ሁሉ ለካ አእምሮዬ የሞላልኝ ግምት ነበር።

ስልኩን ይዞ ከኋላዋ እንዲቆም አደረግሁ። ቀኝ እጅ ወርዋሪ ስለሆነች የምትራመደው በግራ እግሯ ነው። በዝግታ ሲታይ ያ እግር ወደ ተቀባዩ ቀጥ ብሎ ከመሄድ ይልቅ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራ ወጥቶ፣ ጣቱም ወደ ውጭ ተከፍቶ ያርፍ ነበር። እግሩ ሲከፈት ዳሌዋ ይከፈታል፤ ጓንት ያለበት ግራ እጇም ወደ ጎን ተወርውሮ ትከሻዋን ይጎትተዋል። ስለዚህ ደረቷ ወደ ዒላማው ሲዞር ኳሱን የያዘው እጅ ገና ከኋላዋ፣ ከትከሻዋ በታች ነው። ከዚያ በኋላ ክንዱ የቀደመውን ገላ ለመድረስ ተጎትቶ ይመጣል፤ ክርኑ ይወርዳል፣ የውስጥ ጎኑ ይለጠጣል፣ ኳሱም እጁ ወደ ፊት ሳይደርስ ቀድሞ ስለሚለቀቅ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ክርኑ ዝቅ ማለቱ፣ ሕመሙ፣ የኳሱ መሸሽ ሦስት በሽታዎች መስለውኝ ነበር፤ ሦስቱም የአንድ ስንዝር የእግር ስሕተት ልጆች ናቸው።

እርማቱ ቀላል ሆነ፤ ቀላል ያደረገው ግን አነጋገር መቀነሴ ነው። ከእግሯ እስከ ተቀባዩ በአመድ አንድ መስመር አሰመርሁ፤ ከመስመሩ በስተግራ፣ የግራ እግሯ በስሕተት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ባዶ ሃይላንድ አቆምሁ። ሃይላንዱን ከመታችው እኔ ምንም መናገር አያስፈልገኝም፤ ራሷ ሰምታዋለች። ግራ እጇን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ነገርኋት፤ ጓንቱን መጀመሪያ ወደ ተቀባዩ እንድታመለክት፣ ከዚያም ወደ ጎን ሳትበትነው ወደ ደረቷ እንድትሰበስበው። ስለ ክርን አንድም ቃል አልተናገርሁም። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ በቪዲዮ ስናየው ክርኑ ራሱ ወደ ትከሻዋ ከፍታ ተመልሶ ነበር።

ከዚህም በኋላ እግሩ ለምን ተከፈተ የሚለው ጥያቄ አላስተኛኝም፤ ልጅቷ ባለፈው ዓመት በዚህ ችግር አትታወቅም ነበርና። እናቷን ስጠይቅ እስከ 10 ዓመቷ ድረስ የተጫወተችው 28 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ባለው አነስተኛ ኳስ እንደ ነበርና በቅርቡ ወደ ትልቁ እንደ ተሸጋገረች ነገረችኝ። እጇን አየሁት። ኳሱን በጣቶቿ መያዝ ሲያቅታት በመዳፏ አቅፋ ትይዘዋለች፤ በመዳፍ የተያዘ ኳስ ደግሞ በአንጓ ተመትቶ አይወጣም፣ እንደ ድንጋይ ይገፋል እንጂ። ለመግፋት ደረትን ቀድሞ ማዞር የግድ ነው። የእግሩ መከፈት ሙሉ በሙሉ ከዚህ መጣ ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም በሁለት ጣት ፋንታ በሦስት ጣት ስፌቱን አቋርጣ እንድትይዝ፣ በኳሱና በመዳፏ መካከልም ብርሃን እንዲታይ ካደረግን በኋላ፣ ሃይላንዱ የሚወድቅበት ጊዜ እየቀነሰ ሄዷል።

ለሙያ ባልደረቦቼ ጥቂት ልጨምር። ከኋላ መቆም የእግርን አቅጣጫና የገላን መጋደል ያሳያል። ወርዋሪዋ ደረቷን በምታዞርበት ጎን መቆም ደግሞ የእርምጃውን ርዝመት፣ እግር ሲያርፍ እጅ የት እንደ ደረሰ፣ እጅ ወደ ኋላ ሲሄድ ጣቶች ከኳሱ በላይ ይሁኑ ወይስ ከሥሩ፣ እንዲሁም ክንዱ ከጆሮ ኋላ ተጣጥፎ ቀርቶ እንደ ሆነ ያሳያል። ፊት ለፊት ለማየት አጥር ወይም ግንብ ከለላ ካልተገኘ መሞከር አይገባም። ኳሱ ራሱም ምስክር ነው። ዙሪያውን በጥቁር እስክሪፕቶ አንድ ቀለበት አስምሬበት፣ ጣቶቿን ከቀለበቱ ጋር አስተካክላ እንድትወረውር አደረግሁ። ጣቶች በትክክል ከኳሱ በስተኋላ ሆነው ከለቀቁት ቀለበቱ በአየር ላይ ጥርት ያለ አንድ መስመር ሆኖ ይታያል፤ እጅ ወደ ኳሱ ጎን ከተንሸራተተ ግን ቀለበቱ ይዋዥቃል፣ ኳሱም ወደዚያው ያዘነብላል። ይህ ዘዴ ስልክ ለሌለው መምህር ከስልክ የማይተናነስ ነው።

መጨረሻውንም ማየት አይረሳ። ኳሱ ከተለቀቀ በኋላ እጁ በአየር ላይ ድንገት የሚቆም ልጅ ብዙ ነው፤ እኛም በዒላማ ላይ ጠቁመህ ቁም እያልን ያስተማርነው ይመስለኛል። ይህን ያህል ፍጥነት ያገኘ ክንድ በአጭር ርቀት እንዲቆም ሲገደድ ዋጋውን የሚከፍሉት የትከሻ የኋላ ጡንቻዎች ናቸው። እጁ ገላን አቋርጦ ወደ ተቃራኒው ጉልበት ይውረድ፤ የኋላውም እግር ተከትሎ ይምጣ።

አሁን ወደ ደብዳቤ ጸሐፊው ልመለስ። ልጅቷ ስትሠራ ለማየት የተሰበሰቡ የሰፈር ሴት ልጆች በሁለተኛው ሳምንት ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው ኳስ ሠርተው መጡ። ሲወረውሩ በእርግጥ ጸሐፊው እንዳሉት ነው፤ ፊት ለፊት ቆመው፣ እግራቸውን ሳያነሡ፣ ከክርን በታች ብቻ ይገፋሉ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ቢራመዱም የሚራመዱት በሚወረውሩበት እጅ በኩል ባለው እግር ነው። ወንዶቹ ሲስቁ ባጃጅ ሾፌሩን ጨምሮ ሁሉንም ተራ አስገባሁና በግራ እጃችሁ ወርውሩ አልኋቸው። የሆነውን ቀርጸነዋል። ፊት ለፊት ቆሙ፣ እግራቸው ተሳሰረ፣ ከክርን በታች ገፉ፤ ሾፌሩማ በተሳሳተው እግር ተራምዶ ሊወድቅ ነበር። ቪዲዮውን ፊት ሳይታይ ከአንገት በታች ብቻ ቢያሳዩኝ የትኛው የሴት የትኛው የወንድ እንደሆነ መለየት አልችልም ነበር። ይህ አወራወር እንግዲህ የሴት ሳይሆን የጀማሪ አወራወር ነው። ወንዱ ልጅ በስድስትና በሰባት ዓመቱ የሰው ማንጎ ላይ ድንጋይ ሲወረውር፣ ወንድሙን ሲያባርር፣ ሳያውቀው ሺህ ጊዜ ተለማምዶ ያልፈዋል። ሴቷን ግን በዚያ ዕድሜዋ ነውር ነው ብለን ከቤት አስቀረናትና በ12 ዓመቷ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ የጀማሪ አወራወር ስትወረውር ተፈጥሮዋ ነው አልን።

ማስረጃ ከተፈለገ ከእነዚያው ልጆች መካከል ነበረች። ከሐረር መንገድ በላይ ካለው ገጠር መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትኖር የ13 ዓመት ልጅ፣ ሶፍትቦል ቀርቶ የእጅ ኳስም ይዛ አታውቅም። ካልሲውን ኳስ ስትቀበል ግን ጎኗን ለዒላማው ሰጥታ ቆመች፣ በተቃራኒው እግሯ ረጅም እርምጃ ተራመደች፣ ዳሌዋ ቀድሞ ዞረ፣ ኳሱም ከሁላችንም ራስ በላይ አልፎ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ጮኸ። ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት ግራ ገባት። በኋላ እንደ ተረዳሁት ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ቆማ ወፍ ስትጠብቅ፣ ወንጭፍ ስታዞር ያደገች ልጅ ናት። ወንጭፍ በክንድ ብቻ አይወነጨፍም፤ ዳሌው ካልዞረ ጠጠሩ ከእግር ሥር ይወድቃል። ሥራው ራሱ አሠልጣኟ ሆኖ ኖሯል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ማየት የጀመረ ዓይን ሁሉን ስሕተት አድርጎ ማየት ይወድዳል። እኔም በሦስተኛው ሳምንት ገደማ በዚህ በሽታ ተይዤ ነበር፤ አንዷ ክንዷን በትንሽ ክብ ታዞራለች፣ ሌላዋ በትልቅ ክብ፣ አንዷ ራሷን በጥቂቱ ታዘነብላለች፤ ሁሉንም ላርም ስል ልጆቹ ከመወርወራቸው በፊት ቆመው ማሰብ ጀመሩ፣ የሚያስብ ክንድ ደግሞ ይደርቃል። ከዚያ ወዲህ ራሴን የምጠይቀው ይህ ልዩነት ልጅቷን ያሳምማታል ወይ፣ ኃይል ያባክንባታል ወይ፣ ኳሱን ከዒላማ ያወጣባታል ወይ እያልሁ ነው። ከሦስቱ አንዱን የማያደርግ ከሆነ የልጅቷ ጠባይ ነውና እተወዋለሁ። ደግሞም በአንድ ውርወራ ተመሥርቼ አልፈርድም፤ ቢያንስ ዐሥር ተወርውሮ ሰባቱ ላይ የተደጋገመውን ብቻ ስሕተት እለዋለሁ፤ በድካም የመጣውንም ከመጀመሪያው ለይቼ አያለሁ። ከ30 ውርወራ በኋላ ብቻ የሚወርድ ክርን የሚያስፈልገው እርማት ሳይሆን ዕረፍት ነው።

ስለ ሕመሙ ሳልጽፍ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንት በትከሻና በክርን አካባቢ ገና ያልጠነከረ የማደጊያ ክፍል አለው፤ ጅማትና ጡንቻ ሲጎትቱት ከእነርሱ ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው። የክርን የውስጥ ጎን ወይም የትከሻ ጫፍ ሕመም ያለበትን ልጅ እንደ አዋቂ ጡንቻው ይፍታታ እያሉ ማስወርወር ጉዳቱን ያከፋዋል። እኔ የወንድሜን ልጅ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ እስኪተዋት ድረስ ኳስ አላስነካኋትም፤ ያን ጊዜ እርምጃዋን ብቻ ያለ ኳስ ተለማመድን። ከዓመታት በፊት ግን አንድ የማውቀው አሠልጣኝ ለውድድር ሲያዘጋጅ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ትከሻውን ይዞ እያለቀሰ ጦር ሲያስወረውረው ቆሜ አይቻለሁ፤ ጀግና ይሆናል ተብሎ ተጨበጨበለት፣ እኔም አብሬ አጨብጭቤአለሁ። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ስፖርት ተወ። ለምን እንደ ተወ በጊዜው አልጠየቅሁም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለመምህራን የሚሰጠው ሥልጠና ላይ አንድ ነገር እንዲታከልበት በመመኘት ነው። እኛ ስንሠለጥን የተማርነው ሠርቶ ማሳየትና በሜትር ለክቶ ነጥብ መስጠት ነበር። ሜትሩ ልጅ ምን ያህል እንደ ወረወረ ይነግራል፤ ለምን ከዚያ እንዳላለፈ ግን አይነግርም። ሠልጣኞች አንድ ልጅ ሲወረውር ከሦስት አቅጣጫ እንዲያዩ፣ ያዩትን ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ እንዲጽፉ፣ ከዚያም የጻፉትን በዝግታ ከተቀረጸ ቪዲዮ ጋር እንዲያመሳክሩ ቢደረግ ወጪው አንድ ስልክ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ከጻፍሁት ግማሹ ከቪዲዮው ጋር አልተስማማም፤ አሁን የሚሳሳተው ያነሰ ነው። ጋዜጣውም በስፖርት ገጹ ላይ ከውጤትና ከዝውውር ዜና ጎን ለእንዲህ ያለ የትምህርት ጽሑፍ አልፎ አልፎ ቦታ ቢሰጥ፣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ በድሬዳዋም በሐረርም ሞልተዋል።

የወንድሜ ልጅ ትምህርቷ ሊጀመር ሲል ተመልሳለች፤ ጓንቷን ይዛ ሄዳ ከሁለቱ ኳሶች አንዱን ለሰፈሩ ልጆች ትታላቸዋለች። እነርሱም አሁን ድረስ ከ11 ሰዓት በኋላ በሬን ያንኳኳሉ። ከመካከላቸው አንዲት የ11 ዓመት ግራኝ አለች፤ እስከ 12 ሜትር ድረስ እግሯም ዳሌዋም የሚያስቀና ነው፣ ቀለበቱም በአየር ላይ አይዋዥቅም። 18 ሜትር ላይ ስትቆም ግን እጇ ከጆሮዋ ኋላ ተጣጥፎ ይቀርና ኳሱን መግፋት ትጀምራለች። ርቀቱን ባሳጥርላት ይሻላል ወይስ ልምዱ ሥር ሳይሰድድ በአነስተኛ የካልሲ ኳስ እዚያው 18 ሜትር ላይ ላቆያት? ሁለቱንም አንዳንድ ሳምንት ሞክሬ ልዩነቱን መለየት አልቻልሁም። ግራኝ ልጆችን በእጅ ኳስም ሆነ በጦር ውርወራ ያሠለጠነ አንባቢ ቢኖር በዚሁ ዓምድ ቢመልስልኝ ልጅቷም እኔም እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ድሬዳዋ